የኤምቤድድ ሲስተም መሐንዲስ ሥራ ከወዴት ይገኛል? ከከሚሴ የሚነሣ ዳሰሳ

የቅድመ ክፍያ የመብራት ቆጣሪ፣ የባንክ ኤቲኤም፣ የኤሌክትሪክ መኪና፣ የቢራ ፋብሪካ የጠርሙስ መሙያ መሥመር፣ የሆስፒታል የኦክስጅን መለኪያ፦ እነዚህ ሁሉ በውስጣቸው ኮምፒውተር አላቸው። ይህ ኮምፒውተር እንደ ላፕቶፕ ሁሉን ነገር አይሠራም። አንድ ተግባር ተሰጥቶት፣ ለዚያው በተጻፈ ፕሮግራም እየተመራ፣ ከሴንሰር ያነባል፤ ሞተሩን ያዛል፤ መብራቱን ያጠፋል፤ ሒሳቡን ይይዛል። ኤምቤድድ ሲስተም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቺፑን የሚመርጥ፣ ቦርዱን የሚነድፍ፣ በቺፑ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም (ፈርምዌሩን) የሚጽፍና ሁሉን አስማምቶ የሚያስነሣ ሰው ደግሞ የኤምቤድድ ሲስተም መሐንዲስ ነው።

ዕቃው በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ገብቷል። ሙያው ግን በቅጥር ማስታወቂያ ላይ በስሙ ተጠርቶ የሚታየው እምብዛም ነው። ይህ ክፍተት ከምን መጣ ለሚለው ጥያቄ አራት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንዱ ጥፋቱን በትምህርቱ ላይ ይጥላል፤ ሁለተኛው ገዢ የለም ይላል፤ ሦስተኛው መፍትሔው ከአገር ውጭ ነው ይላል፤ አራተኛው ወጣቱ ሥራውን ራሱ ይፍጠር ይላል። ይህ ዳሰሳ አራቱንም ከነማስረጃቸው ይመዝናል።

መነሻው ከሚሴ የሆነው በምክንያት ነው። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ የጨፋ ሸለቆ፣ የቦርከና ወንዝ፣ ማሽላና ማሾ የሚዘራበት ቆላ አለ። የንግድና የአስተዳደር ከተማ እንጂ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ከተማ አይደለችም። ሆኖም በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ኮምቦልቻ፣ ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ ደብረ ብርሃን አሉ። ጥያቄው በአዲስ አበባ ሲነሣ የትውውቅና የአጋጣሚ ነገር ይቀላቀልበታል። ከከሚሴ ሲነሣ ግን የገበያው ትክክለኛ መልክ ራቁቱን ይታያል።

ሦስት ሥራ በአንድ ስም

ክርክሩን የሚያደናግረው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው።

የመጀመሪያው ንድፍ ነው። ያልነበረ ዕቃ ማውጣት ማለት ነው፦ ማይክሮኮንትሮለር መምረጥ፣ ፒሲቢ (የሰርኪት ሰሌዳ) መንደፍ፣ በሲ ቋንቋ ፈርምዌር መጻፍ፣ ናሙናውን ደጋግሞ መፈተን። ሁለተኛው ማቀናጀት ነው። ሌላው የሠራውን ቦርድ፣ ሴንሰርና መቆጣጠሪያ ገዝቶ ለአንድ ቦታ እንዲስማማ አድርጎ ማያያዝ ነው፤ ፒኤልሲ የሚባለውን የፋብሪካ ማሽን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ማድረግ፣ ለተሽከርካሪዎች ጂፒኤስ መከታተያ መግጠም፣ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕን ከርቀት መቆጣጠሪያ ጋር ማገናኘት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሦስተኛው ጥገና ነው። የቆመውን ማሽን ማስነሣት፣ የተቃጠለውን ቦርድ መለየት፣ የጠፋውን ፕሮግራም መልሶ መጫን።

ሦስቱ የሚጠይቁት ችሎታ ይደራረባል፤ ገበያቸው ግን ለየቅል ነው። ንድፍ ዕቃ አምራች ያስፈልገዋል። ለማቀናጀት ፋብሪካ፣ እርሻ ወይም መሥሪያ ቤት ይበቃል። ጥገና ደግሞ ማሽን ባለበት ሁሉ አለ። ስለዚህ «በኢትዮጵያ ለኤምቤድድ መሐንዲስ ሥራ አለ ወይ?» ለሚለው አንድ መልስ መስጠት ከመነሻው ስሕተት ነው። ስታትስቲክሱም አይረዳም። በዓለም አቀፉ የሙያ ምደባ መሠረት የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ በ2152፣ የሶፍትዌር አበልጻጊ በ2512 ይመዘገባል፤ የሁለቱን ሥራ ጨምቆ የሚሠራው ባለሙያ እንደ መዝጋቢው ፍላጎት ወዲህ ወይም ወዲያ ይወድቃል።

አመጣጡ

በዓለም ላይ ሙያው የተወለደው በጠፈርና በጦር መሣሪያ ቤት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አፖሎን ወደ ጨረቃ የመራው ኮምፒውተር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ኢንቴል በ1971 እ.ኤ.አ. 4004ን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. 8051ን ሲያወጣ ቺፑ ወደ ተራው ዕቃ ወረደ። በ2005 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር ኢቭሬያ ከተማ አርዱዊኖ ሲወጣ ትምህርቱ ከፋብሪካ ግቢ ወጣ። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ኢኤስፒ8266ን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ኢኤስፒ32ን ሲያመጣ በጥቂት ዶላር ዋይፋይ ያለው ቦርድ በተማሪ እጅ ገባ። ታሪኩ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፦ መሣሪያው እየረከሰ፣ የመማር ዕድሉ እየሰፋ ሄዷል፤ የንድፍ ሥራው ግን ዕቃ ከሚመረትበት አካባቢ ብዙም አልራቀም።

በኢትዮጵያ የምሕንድስና ትምህርት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በተከፈተው የምሕንድስና ኮሌጅ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከተለ። በዚያ የተማሩት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ትምህርታቸውን በጃፓንና በአሜሪካ ቀጥለው እስከ ጠፈር ምሕንድስና ደርሰዋል፤ ከንድፍ ሥራ ጋር የተገናኙት ግን በስደት አገር ነው። በደርግ ዘመን ለተመራቂ ሥራ የሚመድበው መንግሥት ስለነበር የመፈለግ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ምደባው ሲቀር ጥያቄው በተመራቂው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ቀጥሎ የመጣው የቁጥር ዘመን ነው። በ1983 ዓ.ም. ሁለት ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆኑ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ የሚያዘው ፖሊሲ ተተገበረ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለከሚሴ ልጅ ምሕንድስናን ወደ ደጁ ያቀረበው በዚህ ማዕበል ነው። ሙያተኛ የማፍራቱ ሥራ በመንግሥት ውሳኔ ተፋጠነ። ሙያተኛውን የሚቀጥረው ድርጅት ግን በውሳኔ አይበዛም፤ የዛሬው ክርክር ሥር እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው አቋም፦ ችግሩ የችሎታ ነው

ይህን የሚሉት በአብዛኛው ቀጣሪዎችና የትምህርት ባለሥልጣናት ናቸው። የሚያቀርቡት ማስረጃ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ከተፈታኞቹ ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ዘመኑን አልተከተለም። በብዙ ክፍሎች የማይክሮፕሮሰሰር ትምህርት የሚሰጠው በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው 8086 ላይ፣ ያውም በኮምፒውተር ላይ በሚሠራ ማስመሰያ ነው። ዛሬ ገበያውን የያዙትን የአርም ቺፖች፣ ሪልታይም ኦፕሬቲንግ ሲስተምና የፒሲቢ ንድፍ ሳይነካ የሚመረቅ አለ። ሦስተኛ፣ ላቦራቶሪው ለተማሪው ቁጥር አይመጥንም፤ ኦሲሎስኮፑን አንዱ ሲነካው ሌሎቹ ቆመው ያያሉ።

ማስረጃው እውነትነት አለው፤ ዳር ድንበሩ ግን ይለይ። የመውጫ ፈተናው ሁሉንም የትምህርት ዘርፍ የሚመለከት የወረቀት ፈተና ነው፤ ቦርድ ማስነሣት የሚችለውን ከማይችለው አይለይም። 8086 መማርም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሬጅስተር፣ ኢንተራፕትና ሜሞሪ ምን እንደሆኑ የገባው ሰው አዲስ ቺፕ ለመልመድ የሚፈጅበት ጊዜ አጭር ነው። ትልቁ ተቃውሞ ደግሞ ይህ ነው፦ ችሎታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጎደለው፣ ጎበዞቹ በንድፍ ሥራ ላይ ተሰማርተው በታዩ ነበር። በየዓመቱ ከፍ ባለ ውጤት የሚመረቁት ግን ወደ ባንክ የአይቲ ክፍል፣ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የኔትወርክ ሥራና ወደ ማስተማር ሲሄዱ ይታያል።

አቋሙ የሚጸናው በጥገና ላይ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫና በጥገና ችግር ቆሙ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ንግድ ከጀመረበት ከ2010 ዓ.ም. አንሥቶ ስድስት ዓመት ያህል በቻይና ኩባንያዎች እጅ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው በ2016 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ባለሙያዎች የተላለፈው። እዚህ ላይ ማሽኑም ደመወዙም ነበር፤ የዘገየው ሰው ነው።

ሁለተኛው አቋም፦ ገዢ የለም

ሌላው ወገን የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ዕቃ ይገጣጠማል እንጂ አይነደፍም፤ ስለዚህ ነዳፊ የሚቀጥር የለም። ምስክሮቹም ብዙ ናቸው። የቻይናው ኩባንያ ትራንሽን የቴክኖ ስልኮችን ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ ሲገጣጥም ፈርምዌሩ የሚጻፈው በቻይና ነው። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በሥሩ የሃይቴክ ኢንጂነሪንግ ኢንዱስትሪን ይዞ የኤሌክትሮኒክስ ምርትን በአገር ውስጥ የመተካት ትልቅ ውጥን ነበረው፤ ውጥኑ ከኮርፖሬሽኑ ጋር ተናጋ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው በዋናነት ለልብስ ስፌት ሲሆን፣ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል ስትሰረዝ እሱም ተጎዳ።

የቀረጥ ሥርዓቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል የሚሉ አሉ። ከኤሌክትሪክ መኪናዎች ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የመጣው ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ያለቀለት 15 በመቶ እንዲከፍል ተወስኗል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። ውጤቱ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ መብዛት ነው፤ በደብረ ብርሃን የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ የብረታ ብረት ኢንጂነሪንግ ኮምፕሌክስ የኤሌክትሪክ ሚኒባስና አውቶቡስ ይገጣጥማል። ነገር ግን ባትሪውን የሚያስተዳድረውና ሞተሩን የሚያዘው ቦርድ ተዘግቶ፣ ፕሮግራሙ ተቆልፎ ይመጣል። ማበረታቻው የሚሸልመው የገጠመውን እንጂ የነደፈውን አይደለም።

የዋጋውም ነገር አለ። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። 4 ዶላር የሚሸጠው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ቦርድ ከ230 ብር ግድም ተነሥቶ ከ400 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ይህ ማጓጓዣውንና ቀረጡን ሳይጨምር ነው። በሼንዘን ያለ ነዳፊ ፒሲቢውን አሳትሞ፣ ስሕተቱን አይቶ፣ አርሞ እንደገና ለማሳተም ቀናት ሲበቁት፣ የኢትዮጵያው ነዳፊ ለእያንዳንዱ ሙከራ ሳምንታት ይጠብቃል።

ይህ አቋም ስለ ንድፍ የሚለው ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ድክመቱ ንድፍን ከሙያው ሁሉ ጋር አንድ ማድረጉ ነው። ገዢ ፈጽሞ የለም ማለቱም ልክ አይደለም። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ምሕዋር የገባችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት ዋጋዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ትልቁን ድርሻ የከፈለችው ቻይና ናት። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በሥራው ሠልጥነውበታል፤ የመቆጣጠሪያው ጣቢያም በእንጦጦ ተተክሏል። መንግሥት ገዢ ሲሆን የሥልጠና ዕድል እንደሚመጣ ይህ ያሳያል። በታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. የተላከችው ሁለተኛዋ ሳተላይትም ተመሳሳይ ነች። ሆኖም ሁለት ሳተላይት የቋሚ ቀጣሪን ቦታ አይሸፍንም።

ሦስተኛው አቋም፦ ርቆ መሥራት ወይም መሄድ

የሶፍትዌር ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተቀምጠው ለውጭ ድርጅት ሲሠሩ ያዩ ሰዎች «ኤምቤድዱም እንዲሁ ይሁን» ይላሉ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይገባል። ዌብሳይት የሚሠራ ሰው ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይበቃዋል። የኤምቤድድ መሐንዲስ ቦርዱ ፊት ለፊቱ መኖር አለበት፤ ቮልቴጁን ይለካል፣ ሲግናሉን ያያል፣ ቺፑ ሲግል ይነካዋል። አንዳንድ ድርጅቶች ቦርዶቹን በራሳቸው ላቦራቶሪ ሰክተው ከርቀት እንዲሠራባቸው ያደርጋሉ። እንደ ሬኖድ፣ ኪውኢሙና ዎክዊ ያሉ ማስመሰያዎችም የሥራውን ከፊል ያለ ቦርድ ያሠራሉ። ይህ ግን ልምድ ላለው እንጂ ለጀማሪ የሚከፈት በር አይደለም።

ከከሚሴ ሲታይ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ለውጭ ቀጣሪ በየቀኑ ሪፖርት ማድረግ ያለበት ሰው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውሉን አያቆየውም። ኢንተርኔት ሲመለስም የደረሰው የመተማመን ጉዳት ወዲያው አይጠገንም።

መሄዱስ? ጀርመን ከሰኔ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው «የዕድል ካርድ» ዲግሪ ወይም የሙያ ሥልጠና ላለው ሰው በነጥብ ተመዝኖ ሥራ እንዲፈልግ ለአንድ ዓመት ያስገባዋል፤ የኑሮ ወጪውን የሚሸፍን ገንዘብ ግን አስቀድሞ ማሳየት ግድ ነው። የመኪናና የፋብሪካ ማሽን አምራች በሆነ አገር ለዚህ ሙያ ገበያ አለ። በአሜሪካ ደግሞ የሥራው ጉልህ ክፍል በመከላከያና በጠፈር ዘርፍ ስለሆነ ያ ክፍል ብዙ ጊዜ ዜግነት ይጠይቃል። በሁለቱም ዘንድ ቀጣሪው የሚጠይቀው በዕቃ ላይ የታየ ሥራን ነው። የመጀመሪያውን ልምድ በአገር ውስጥ ያላገኘ ሰው በስደቱም በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሦስተኛው አቋም መልስ ከመሆን ይልቅ ጥያቄውን ያስተላልፈዋል፤ የመጀመሪያው ልምድ ከየት ይምጣ?

አንድ መንገድ ክፍት ነው። እንደ ዜፊር ያሉ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር በይፋ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ከየትም አገር የሚላክ እርማት ይቀበላሉ። የተቀበሉት እርማት ከነስሙና ከነቀኑ ለሁሉም ይታያል። ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን የማንም የድጋፍ ደብዳቤ ሳያስፈልግ ችሎታን የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

አራተኛው አቋም፦ ሥራ ፍጠር

የመንግሥት አነጋገር ለዓመታት ያዘነበለው ወደዚህ ነው። ለከሚሴ ዙሪያ የሚሆን ዕቃ መዘርዘር ከባድ አይደለም፦ ለመስኖ ፓምፕ ውሃ ሲጎድል ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ለእንቁላል መፈልፈያ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ማሾ በመጋዘን ሲቀመጥ እርጥበቱን የሚለካ መሣሪያ፣ በላይኛው ተፋሰስ ያሉት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በቦርከና ላይ የሚያደርሰውን የሚከታተል ሴንሰር። ሁሉም በርካሽ ማይክሮኮንትሮለር የሚሠሩ ናቸው።

የሚከብደው ከናሙና ወደ ምርት መሸጋገሩ ነው። በሬድዮ ሞገድ ወይም በሲም ካርድ የሚሠራ ዕቃ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ሃምሳ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሠርቶ መሸጥ ማለት ሃምሳ ቦታ ለጥገና መጠራት ማለት ነው። ከቻይና የሚመጣው ተመሳሳይ ዕቃ ደግሞ በብዛት ስለሚመረት ይረክሳል።

የገንዘቡ ጉዳይ በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምነት (አብቁተ) ወደ ጸደይ ባንክ የተለወጠው ድርጅት ለአነስተኛ ንግድ ብድር ሲሰጥ ኖሯል፤ ብድሩ የሚመለሰው ግን በአጭር ጊዜ ነው፤ ዕቃ ነድፎ ለገበያ ማድረስ ደግሞ ከዓመት ያልፋል። ሙስሊሙ በሚበዛበት በከሚሴና በዞኑ ብዙዎች ወለድ ያለበትን ብድር አይነኩም። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሉ ወለድ አልባ ባንክ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ሌላ አማራጭ ተከፈተ። እዚህም ልዩነት ይደረግ፦ ሙራበሃ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ የሚሸጥበት ውል በመሆኑ ለሱቅና ለመሣሪያ ግዢ ይስማማል። ሙሻረካ ግን ትርፍና ኪሳራን መጋራት ነው። መቼ እንደሚሸጥ ላልታወቀ አዲስ ዕቃ የሚስማማው ይህኛው ሲሆን፣ ባንኮች ግን በየትም ዓለም ወደ ሙራበሃ ማዘንበል ይቀናቸዋል።

ሥልጠናውም ወደ ሶፍትዌር አድልቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ ዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታውያንን ያስተምራል፤ ማይክሮኮንትሮለር የለበትም። በዚህ በኩል የቀደመው ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ነው፤ ከቢሾፍቱው ማዕከል ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ባቋቋማቸው ማዕከላት ልጆችን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ያስተዋውቃል። የልጅነት ትውውቅና የመተዳደሪያ ሙያ ግን አንድ አይደሉም።

በአውራ ጎዳናው ላይ ያለው ሥራ

አራቱን አቋሞች ትቶ ከከሚሴ ግራ ቀኝ ያለውን መንገድ ብቻ የተመለከተ ሰው የሚያየው ይህን ነው። በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች አሉ። በደብረ ብርሃን የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎችና የተሽከርካሪ መገጣጠሚያ አለ። እነዚህ ፒኤልሲ፣ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ሴንሰርና የመቆጣጠሪያ ስክሪን ያለባቸው ናቸው። ማስታወቂያቸው «አውቶሜሽን»፣ «ኢንስትሩመንቴሽን»፣ «ኤሌክትሪክ ጥገና» ወይም «የሺፍት መሐንዲስ» ይላል እንጂ ኤምቤድድ አይልም። በየሆስፒታሉ የባዮሜዲካል ክፍል፣ በውሃ መሥሪያ ቤት፣ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ በአዲስ አበባም በኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዮኒክስ ጥገና፣ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተመሳሳይ ሥራ በተለያየ ስም አለ።

ትልቁ ያልተከፈተ በር ባቡሩ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 390 ኪሎ ሜትር ያህል መሥመር በቱርኩ ያፒ መርከዚ የተገነባ ሲሆን በከሚሴ በኩል ያልፋል። ሥራው በገንዘብ እጥረት ከተጓተተ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ንብረቱ ተዘርፎና ተጎድቶ ንግድ ሳይጀምር ቀርቷል። የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር በሲግናል፣ በመገናኛና በኃይል መቆጣጠሪያ የተሞላ ነው። ቢጀምር በዞኑ ታሪክ ትልቁ የዚህ ሙያ ቀጣሪ ሊሆን ይችላል። ሠልጣኙ ግን መሥመሩ ከመከፈቱ በፊት ካልተዘጋጀ የጅቡቲው መሥመር ታሪክ ይደገማል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

የመጀመሪያው፣ ጥገና ወደ ንድፍ ያደርሳል ወይ? የሚለው ነው። አዎ የሚሉት የምሥራቅ እስያን ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ ኮሪያና ታይዋን በመገጣጠምና በመጠገን ጀምረው ወደ ንድፍ ወጥተዋል። አይደለም የሚሉት ደግሞ የዛሬው ዕቃ እንደ ድሮው ተፈትቶ አይታይም፣ ፈርምዌሩ የተቆለፈ ነው፣ ቦርዱ ሲበላሽ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ መልሱ እንደ ዕቃው ይለያያል። የፋብሪካ ፒኤልሲ ፕሮግራም ለባለሙያ ክፍት ነው፤ የስልክና የኤሌክትሪክ መኪና ቦርድ ግን ዝግ ነው። ስለዚህ ጀማሪ የጥገና ሥራ ሲመርጥ ዕቃው የሚከፈት መሆኑን ማየት አለበት።

ሁለተኛው የትምህርቱ አቅጣጫ ነው። ኮምቦልቻ ያለ ኢንስቲትዩት ፋብሪካዎቹ የሚፈልጉትን ፒኤልሲ ያስተምር ወይስ በዓለም ገበያ የሚፈለገውን ማይክሮኮንትሮለር? የመጀመሪያው ቶሎ ያስቀጥራል፤ ሁለተኛው ርቆ ይወስዳል። የምሕንድስናው አምስት ዓመት ሁለቱን ለማስተማር ይበቃል፤ የሚጎድለው ላቦራቶሪና ከፋብሪካ የመጣ አስተማሪ ነው።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የዞኑ ልጆች በአፋን ኦሮሞ ተምረው፣ በአማርኛ ተግባብተው፣ ዳታሺቱን በእንግሊዝኛ ያነባሉ። አንዳንዶች ይህን እንደ ሸክም ያዩታል። በማቀናጀትና በጥገና ሥራ ግን ለገበሬውም፣ ለፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ለአቅራቢውም በየቋንቋው ማስረዳት የሚችል ሰው ብልጫ አለው።

አራተኛው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ፕሮግራም መጻፍን እያቃለለ መሆኑ አያከራክርም። የተሳሳተ ሽቦ ማግኘት፣ የኃይል መዋዠቅ ያበላሸውን ቦርድ መለየትና ከአቧራና ከሙቀት ጋር የሚኖር ዕቃ መሥራት ግን አሁንም እጅና ዓይን ይጠይቃል። ስለዚህ ፈርምዌር ብቻ የሚያውቅ ሰው ፕሮግራሙንም ቦርዱንም ከሚያውቀው ይልቅ ተጋላጭ ነው።

ሚዛኑ

«ችሎታ የለም» እና «ገበያ የለም» የሚሉት ወገኖች የሚጣሉት ስለተለያየ ነገር እያወሩ ነው። በጥገናና በማቀናጀት የጠበበው ሰው ነው፤ በንድፍ የጠበበው ገዢ ነው። የመጀመሪያውን ችግር ዩኒቨርሲቲው፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁና ፋብሪካው በላቦራቶሪና በእውነተኛ የሥራ ላይ ልምምድ ሊፈቱት ይችላሉ። ሁለተኛውን ግን የትኛውም ሥልጠና አይፈታውም። እሱን የሚፈታው ከሁሉ የሚበልጠው ገዢ ነው፦ ቆጣሪ፣ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያና የአየር ሁኔታ ጣቢያ በብዛት የሚገዛው መንግሥት። ከግዢው ጥቂቱ እንኳ በአገር ውስጥ ለተነደፈ ቦርድና ለተጻፈ ፈርምዌር ቢመደብ፣ የቀረጥ ማበረታቻውም ከገጣጣሚው ባሻገር ነዳፊውን ቢቆጥር፣ ከየትኛውም የኮደር ሥልጠና ይልቅ ለሙያው ይጠቅማል።

ከከሚሴ ተነሥቶ ሥራ ለሚፈልገው ተመራቂ ደግሞ ማስረጃው የሚያመለክተው ይህን ነው። የሙያውን ስም በማስታወቂያ ላይ አትጠብቅ፤ ማሽኑ ያለበትን ቦታ ፈልግ። የመጀመሪያው በር በኮምቦልቻና በደብረ ብርሃን ያለው አውቶሜሽንና ጥገና ነው። እዚያ ከገባህም የሚከፈት ዕቃ ላይ ሥራ፤ ማታ ማታ የራስህን ቦርድ ንደፍ፤ የሠራኸውን በፎቶ፣ በንድፍና በፕሮግራም ሰንደህ አስቀምጥ። ቀጣሪው በኮምቦልቻም ሆነ በጀርመን ከዲግሪህ ቀጥሎ የሚጠይቅህ እሱን ነው።